መኪና ጎንደር ላይ ስትፈተን

ከጎንደር ተነስቶ፣ ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን ቁልቁል የወረደ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ ዛሪማ አይደርስም። አውቶቡሱ ከአንዱ ጥምዝ ወደ ሌላው ሲዞር፣ በአንድ በኩል ገደል በሌላ በኩል አለት ሆኖ ተሳፋሪው ሁሉ ጸሎት ላይ እያለ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ «ጥሊያን በአምስት ዓመት ይኼን ከሠራ፣ ሃምሳ ዓመት ቢቆይ ኖሮ...» ይላል። ገሚሱ ይስቃል። ገሚሱ በልቡ ይስማማል። አንድ አባት ደግሞ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

ይህን ታሪክ መቆፈር የጀመርኩት ለዚህ ሰውዬ መልስ ስፈልግ ነው። «ያሠራው እኮ ወታደሩን ሊያመላልስበት ነው» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ሰውየውን ግን አያሳምነውም። እሱ አሁን የተሳፈረው ወታደር ማመላለሻ ላይ ሳይሆን አውቶቡስ ላይ ነዋ! ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ይዤ መጣሁ። መኪና የእኛን ዳገት ስትሞክር ምን ትሆን ነበር? ስትቆምስ ማን ነው የሚያስነሳት? (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞተር ከመምጣቱ በፊት

ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ግንብም ድልድይም ነበራት። መንገዷ ግን የተለካው በበቅሎ ሰኮና ነው። በቅሎ የምትረግጠውን ድንጋይ ትመርጣለች፤ ዳገቱ ቢጠናባት ቆም ብላ ተንፍሳ ትቀጥላለች። መንኮራኩር ግን አይመርጥም፤ የተደለደለ ነገር ይፈልጋል።

ይህን ልዩነት በዚያ አካባቢ በትልቁ የቀመሱት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አዘዙ። መጀመሪያ ላይ ሙከራው ከሸፈ። እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ ወደ 7 ቶን የምትመዝነው ሴባስቶፖል ወጣች። እሷን ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ደግሞ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ድረስ ወራት ፈጀ። ድንጋዩን እየፈለጡ መንገድ ማውጣት፣ ሽቅብ በመቶዎች ሆኖ መጎተት፣ ቁልቁል ሲሆን ደግሞ እንዳታመልጥ ከኋላ አንቆ መያዝ ነበረባቸው። ንጉሡ ራሳቸው ከሰው ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር። ሽቅብ ጉልበት፣ ቁልቁል ፍሬን፤ የጎንደር ደጋ ለማንኛውም ተሽከርካሪ የሚያቀርበው ፈተና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቴዎድሮስ በ1858 ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ሲልኩ የጠየቁት የእጅ ባለሙያ እንዲላክላቸው ነው። ዕቃማ ገንዘብ ያለው ከማንም ይገዛል። እሳቸው የፈለጉት ዕቃው ሲበላሽ ለምን እንደተበላሸ የሚያውቀውን ሰው ነበር። ይህን ሐሳብ ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ከነሐኪሟ የመጣች መኪና

መኪና ኢትዮጵያ የገባችው በ1900 በአፄ ምኒልክ ዘመን እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል። የተማርነው ግን መድረሷን እንጂ መንገድ ላይ ያየችውን አበሳ አይደለም። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና ይዞ በጅቡቲ በኩል ተነሳ። በዚያው ሰሞን አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊም ናኬ በምትባል የጀርመን መኪና ወደ አዲስ አበባ አቀና። ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የግመልና የበቅሎ መንገድ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለስላሳ ጥርጊያ ላይ የተሞከረ ሞተር፣ በረሃው ላይ ውሃ ይጠማዋል፤ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ስም አለ። ቤንትሌይ ብቻውን አልመጣም፤ መካኒኩን ዌልስን ይዞ ነው የመጣው። መኪናዋ ከነሐኪሟ መጣች ማለት ነው። ምኒልክ አዲስ ማሽን ሲያዩ መፈታታት የሚወዱ ንጉሥ ስለነበሩ በስጦታው ተደሰቱ። በሽታዋን የሚያውቀው ሰው ግን እንግዳ ነበር። እንግዳ ደግሞ አንድ ቀን ወደ አገሩ ይሄዳል። ያኔ መኪናዋ የቤተ መንግሥት ጌጥ ከመሆን የሚያድናት የለም።

ጎንደር፣ መጋቢት 23 ቀን 1928

አዲስ አበባ መኪናን በስጦታ ተቀበለች። ጎንደር ግን መኪናን በገፍ ስትገባ ያየችው በወረራ ነው።

መጋቢት 1928 ላይ የፋሺስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ በመቶ በሚቆጠሩ ካሚዮኖች ወታደር ጭኖ ከሰቲት ወንዝ ዳር፣ ከኦምሐጀር ተነሳ። ስሙም «ፈጣኑ አምድ» ነበር። ፈጣኑ ግን አካፋና ዶማ ይዞ ነው የተጓዘው፤ ምክንያቱም ከቆላው እስከ ጎንደር ለመኪና የሚሆን መንገድ የለም። ወታደሩ ወርዶ ጥርጊያ ያወጣል፣ ካሚዮኑ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ወታደሩ እንደገና ይወርዳል። መጋቢት 11 ቀን የተነሳው አምድ ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን ነው። በመንገዱ ላይ ብዙ ውጊያ አልገጠመውም፤ የአካባቢው ጦር ሽሬ ግንባር ዘምቶ ነበር። ስታራቼ ግን አገሩ ተመልሶ «የጎንደር ጉዞ» ብሎ መጽሐፍ አሳተመ። እውነቱን ለመናገር የጉዞው ትልቁ ጠላት መልክዓ ምድሩ ነበር።

ስለዘመተው ጦር ካነሳን አይቀር፣ የጎንደር ሰው ስለ ማሽን ያወቀው ካሚዮኖቹን ቆሞ በማየት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ሦስት ወር ተኩል ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1928፣ በልዑል ራስ እምሩ ሥር የነበረውና የስሜኑን የደጃዝማች አያሌው ብሩን ሰዎች ያካተተው ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጊና ላይ ከጣሊያን ጋር ገጠመ። ጣሊያኖች ኤል 3 የሚባሉ ትናንሽ ታንኮች አሰለፉ። 3 ቶን የሚመዝን፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ የሚዞር ማማ የሌለው ታንክ ነው፤ መትረየሱ የሚያየው ወደፊት ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ያስፈራል። ድንጋያማ በር ላይ ግን እንደልቡ መዞር አይችልም። ተዋጊዎቹ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት አላስፈለጋቸውም፤ ከኋላና ከጎን መጡበት። በዚያ ቀን ታንኮቹ አንድ በአንድ ቀሩ።

ይህን የማነሳው ለፉከራ አይደለም። የማሽኑን ጉድለት ከባለቤቱ ቀድሞ ያወቀው ማሽኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው መሆኑን ለማሳየት ነው።

ሞተር ለምን ያስላል?

አሁን ትንሽ ወደ ጋራዥ እንግባ። የዚያን ዘመን መኪና የጎንደር ደጋ ላይ ለምን ትታመም ነበር?

የመጀመሪያው አየሩ ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ (ምጽዋን አስቡ) ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ሞተር ደግሞ ነዳጅ ብቻ አይበላም፣ አየርም ይበላል። ምጽዋ ላይ የ60 ፈረስ ጉልበት የነበረው ካሚዮን ደባርቅ ሲደርስ ወደ 42 ይወርዳል። 18 ፈረስ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው፤ ያውም ከነጭነቱ ሽቅብ በሚወጣበት ሰዓት።

ሁለተኛው ካርቡራተሩ ነው። የዚያን ጊዜ ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቆላ ላይ የለመደውን ያህል ቤንዚን ይሰጣል። አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ሲበዛ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ከዚያ አንዱ ሲሊንደር ይሞታል። ያልገባው ሾፌር «ቤንዚን አነሰው» ብሎ ይጨምርበታል፤ በሽታውን መድኃኒት ብሎ እንደማጠጣት ነው። የገባው ግን ካንዴላውን ፈትቶ በሽቦ ብሩሽ ያጸዳል፣ የካርቡራተሩን ብሎን ትንሽ ያጠባል፣ መኪናዋም ትስተካከላለች። ቆላ ሲመለስ ደግሞ መልሶ ያሰፋታል።

ሦስተኛው ውሃው ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ጎንደር ላይ በ93 ገደማ፣ ደባርቅ ላይ በ90 ገደማ ይፈላል። ክዳኑ እንደ ዛሬው ግፊት የማይዝ ራዲያተር ዳገት ላይ ቶሎ የሚንተከተከው ለዚህ ነው። ያኔ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ቸኩሎ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ነው፤ የጋለው ብረት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ ደጋ ላይ አይበየድም። ትዕግሥት እንደ መፍቻ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ነው።

አራተኛው ተቃራኒው፣ ቆላው ነው። ሰቲትና ተከዜ ዳር ሙቀቱ ከባድ ስለሆነ ቤንዚኑ ሞተሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ቧንቧው ውስጥ ይተናል። መኪናዋ ነዳጅ ሞልቶላት «ነዳጅ አልቆብኛል» ትላለች። መድኃኒቱ የሚያስቅ ነው፤ ጨርቅ በውሃ ነክሮ ቧንቧው ላይ መጠምጠም። የፋብሪካ ዕቃ የማይፈታውን ችግር የረጠበ ጨርቅ ይፈታዋል።

አምስተኛውና ገዳዩ ቁልቁለቱ ነው። ዛሪማ ከ1,500 ሜትር በታች ናት፤ ከደባርቅ እዚያ ለመድረስ ከ1,300 ሜትር በላይ መውረድ ነው። ፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይተዋል። ስለዚህ የሾፌር ሕግ አለ፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። በሞተር ተይዞ፣ እያንጎራጎሩ፣ ቀስ ብሎ።

ይህ ሁሉ ከተራራ ጋር የመጣ ትምህርት ነው። አልፕስ ተራራ ላይ የነዳ ጣሊያናዊ ገሚሱን ያውቀው ይሆናል። ቆላና ደጋን በአንድ ቀን የሚያፈራርቀውን የእኛን አገር ግን መንዳት ያለበት እዚሁ ነው።

መንገዱ እና ከበባው

ጣሊያኖች ከገቡ በኋላ አስመራን ከጎንደር የሚያገናኘውን መንገድ በሊማሊሞ በኩል አወጡ። ጥምዙን ያቀደው መሐንዲስ ሞያውን ያውቃል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ግን መንገዱ የተቀደደው ለጭነት መኪናው አቅም ተለክቶ ነው። ከላይ የዘረዘርኩት በሽታ ሁሉ በድንጋይ ተጽፎ የምታገኙት እዚያ ነው። ለምን ይህን ያህል ተጠማዘዘ? ጉልበቱ በሲሶ የቀነሰ ካሚዮን ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ ነው።

መንገዱን ደግሞ አርበኞች በደንብ ያነበቡት ይመስለኛል። በስሜንም በአርማጭሆም ጠላትን ያስጨነቁት መንገድ እየቆረጡና ጥምዝ ላይ እየጠበቁ ነው። ጥምዝ ላይ መኪና ቀስ ይላል፤ ቀስ የሚል መኪና ደግሞ ታንክም ቢሆን ከበቅሎ አይሻልም።

ከዚያ 1933 መጣ። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ አስመራና ምጽዋ በእንግሊዝ እጅ ሲወድቁ ጎንደር ውስጥ የቀረው የጄኔራል ጉልዬልሞ ናዚ ጦር ከባሕር ተቆረጠ። ጎማ አይመጣም። ካንዴላ አይመጣም። ነዳጅ በጠብታ ነው። ያኔ የጎንደር ወርክሾፖች ከቆመ መኪና ዕቃ እየፈቱ ለሚሄደው መግጠም፣ ጭነት መኪናን ብረት እያለበሱ ለውጊያ ማዘጋጀት ያዙ። የወልቀፊት ምሽግ በመስከረም 1934 እጁን ሰጠ። ቁልቋል በር በኅዳር 12 ወደቀ። ኅዳር 18 ቀን 1934 ጎንደር ነጻ ወጣች፤ የጣሊያን የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥት ያበቃውም እዚያው ነው።

መኪኖቹና መሣሪያዎቹስ? እንግሊዞች ብዙውን እንደ ምርኮ ጭነው ከአገር አስወጡ። በዚያ ዘመን መንግሥታችን ካቀረባቸው ቅሬታዎች አንዱ ይህ ነበር። የቀረው የቀረው ደግሞ ቅራቅንቦ ነው። ከጣሊያን ሲቪሎች መካከል ብዙ መካኒኮች በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አገር ውስጥ ቀሩ፤ ጋራዥም ከፈቱ። ከሥራቸው ደግሞ ቁልፍ የሚያቀብል፣ ብሎን በናፍጣ የሚያጥብ፣ ሌሊት ካሚዮን ሥር የሚተኛ ልጅ ነበር። የታሪክ መጽሐፍ ስሙን የማይጠራው እሱ ነው የእኔ ጽሑፍ ባለታሪክ።

ስሞቹ ጣሊያንኛ፣ ግሶቹ አማርኛ

ያ ልጅ የጻፈው መጽሐፍ የለም። ቋንቋ ግን ትቶልናል። ዛሬ አንድ ጋራዥ ሄዳችሁ ጆሯችሁን ብትሰጡ የመኪናዋ አካል ሁሉ በጣሊያንኛ ሲጠራ ትሰማላችሁ። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው። ዳገት ላይ አውቶቡስ ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር የሚወሽቃት ድንጋይ ወይም እንጨት እንኳ «ታኮ» ናት፤ ጣሊያንኛ፣ የጫማ ተረከዝ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ ያፍራል፤ «ለዕቃው ስም እንኳ የለንም» ይላል። እኔ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ስሞቹን ትታችሁ ግሶቹን ስሙ። ሞተር ነከሰ። ሞተር ፈላ። ፍሪሲዮን አንሸራተተ። ጎማ ተነፈሰ። ካንዴላው ጠቆረ። ማርሽ አልገባ አለ። ፍሬን እምቢ አለ። መኪናዋ ታነቀች፣ ታስላለች፣ ታጉረመርማለች።

አያችሁ? ዕቃው ከነስሙ ከውጭ መጣ። በሽታው ግን በአማርኛ ነው። ብልሽቱን ያወቀው፣ ስም ያወጣለት፣ በጆሮው ሰምቶ «ይቺ እኮ ሳይሆን አይቀርም» ያለው የእኛ ሰው ነው። «እምቢ አለ» የሚለውን ቃል ለበቅሎም ለፍሬንም የተጠቀመ ሰው፣ ከሰቲት እስከ ደባርቅ የማሽኑን ጠባይ እንደ ከብት ጠባይ አጥንቶታል። መኪናን የእኛ ያደረጋት የገዛናት ቀን አይደለም። የነዳናት ቀንም አይደለም። ለምን እንደቆመች ያወቅን ቀን ነው።

ይኸው፣ ለኋላ ወንበሩ ሰውዬ መልሴ። መንገዱን ማን እንዳሠራው አልክድህም። ግን ከ1934 ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ መኪና እንዳይቆም ያደረገው ጣሊያን አይደለም። ፊያት ኤንትሬን ከነጭነቱ ሽቅብ ያስወጣው፣ ሌሊት በብርድ ራዲያተሩ እስኪቀዘቅዝ ተቀምጦ የጠበቀው፣ ታኮ ይዞ ከኋላ ጎማ ጎን የሮጠው ማን እንደሆነ አስብ። ሃምሳ ዓመት የቆየው እሱ ነው።

ነገ ደግሞ

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ጊዜ መጣ ማለት ነው። ለጎንደር ደጋ ይህ መጥፎ ዜና አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይበላም፤ ስለዚህ ደባርቅ ላይ ጉልበቱ በሲሶ አይቀንስም። ካንዴላ የለውም፤ ጥላሸት አያውቅም። ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ይዞ ባትሪውን ይሞላል። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚለውን ሕግ ፋብሪካው በውስጡ ጨምሮት መጥቷል። ቴዎድሮስን ያስቸገሩት ሁለቱ ፈተናዎች፣ ሽቅብና ቁልቁል፣ ከሞላ ጎደል ተመለሱ።

ስትቆምስ? ያቺ መኪና ጥምዝ ላይ ብትቆም አታስልም፣ አታጉረመርምም፣ አትነክስም። ዝም ትላለች፤ መስታወቷ ላይ አንድ ምልክት ይበራል፤ ምልክቱን የሚያነበው ኮምፒውተር ያለው ደግሞ ሩቅ ነው። እንደ 1900 መኪናዋ እንደገና ከነሐኪሟ መምጣት ጀምራለች። ለዚያ ዝምታ በአማርኛ ግስ የሚያወጣለት ልጅ ገና አልተወለደም ወይም ደግሞ አሁን ፒያሳ አንድ ጋራዥ ውስጥ ብሎን በናፍጣ እያጠበ ነው።

ካያችሁት፣ ቁልፍ ብቻ እያቀበለ እንዲቀር አታድርጉት። መጽሐፉንም አቀብሉት።